ቅዳሜ እስኪደርስ

እናቴ በዕድሜዋ ቱሪስት የሆነችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ስቶክሆልም ላይ፣ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ በነበረበት ሐምሌ። ደግሞ ያምርባት ነበር። ነጭ ሸራ ጫማ አድርጋ፣ ፀጉሯን ተተኩሳ፣ የቤተ መንግሥቱን ዘበኛ በአማርኛ «አይዞህ የኔ ልጅ፣ ፀሐዩ በረታብህ አይደል?» እያለች ስታልፍ አይቻታለሁ። ዘበኛው ፊቱን አልፈታም፤ እሷ ግን በሱም ፈንታ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። ያን ሳቅ ያየን ሰዎችም ስለሱ አናወራም።

እኔ ግን ዝምታ ሰልችቶኛል፤ ላውራው።

የምንኖረው ሚኒሶታ፣ ቡርንስቪል ነበር፣ ከሀይዌዩ ዳር ከተደረደሩት ባለ ሦስት ፎቅ አፓርትመንቶች በአንዱ። አባቴ ረጋሳ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል። እናቴ ስንታየሁ ቀን ቀን በአረጋውያን መጦሪያ ነርሲንግ ኤይድ ናት፤ ማታ ማታ ነርስነት ትማራለች። በዚያ ዓመት ቤታችንን የሚያስተዳድረው አባቴም እናቴም ሳይሆኑ «ቦርድ» የሚሉት ነገር ነበር። «እናትሽ ቦርድ ልትፈተን ነው፣ ቲቪውን ቀንሺ።» «እናትሽ ቦርድ አለባት፣ ተነሽና ሳህኑን እጠቢ።» ቦርድ የነርስነት ፈቃድ የሚያሰጠው የመጨረሻ ፈተና መሆኑን ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም። ሊመጣ ነው፣ ሊመጣ ነው እየተባለ የማይመጣ ክፉ እንግዳ ይመስለኝ ነበር።

ከቦርድ ሌላ ከእናቴ አፍ የማይጠፋው «ወንድም ጋሼ» ነበር፤ ታላቅ ወንድሟ፣ አጎቴ አክሊሉ። ወላጆቻቸው ሲሞቱ እሷ ገና የወተት ጥርሷን አልነቀለችም ነበር አሉ። አባትም እናትም ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው። ከአዲስ አበባ ካርቱም ድረስ እጇን ይዞ የወሰዳትም እሱ ነው። ካርቱም ላይ እሱን ስዊድን ተቀበለችው፣ እሷን አሜሪካ፤ ከዚያ በኋላ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። በየእሑዱ በስልክ ካርድ ትደውልለታለች። ስታናግረው ድምጿ ይቀጥናል፤ ትሞላቀቃለች፤ ታኮርፋለች። እናቴም የሆነ ሰው ልጅ መሆኗን የማየው ያኔ ብቻ ነበር፤ በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት በረዶው ሲቀልጥ የአጎቴ ድምፅ ሰለለ። ስልኩን ስፒከር ላይ ስለምታደርገው እሰማዋለሁ።

«ጉንፋን ነው ስንትዬ» ይላታል።

«ጉንፋን እንዲህ ይቆያል እንዴ? ሐኪም አይተሃል?»

«አይቻለሁ። የዚህ አገር ጉንፋን አይለቅም። አንቺ ፈተናሽን አጥኚ።»

አንዳንድ እሑድ ደግሞ ስልኩ ጨርሶ አይነሳም። አባቴ ከሶፋው ላይ ሳይነሳ «ሥራ በዝቶበት ይሆናል» ይላል። እናቴ ትናደዳለች። «ይሄ ሰውዬ ኮራብኝ! ብቻ ልለፍና፣ ነርስ ሆኜ ነው የማናግረው» ትላለች። አባቴ በዚህ ጊዜ ጋዜጣ ላይ ያቀረቅራል። የማያነበው ጋዜጣ ነው።

እናቴ ቅዳሜ ሺፍት ሲኖራት አባቴ በታክሲው ሌክ ስትሪት ይወስደኝና ሳምቡሳ ይገዛልኛል። በሰኔ አንድ ቅዳሜ እንዲሁ መኪና ውስጥ ሆነን እየበላን፣ ስልኩ ጮኸ። «ኦቦ ሆርዶፋ» አለ አባቴ፤ ከዚያ ኦሮምኛ ጀመረ። አባቴ ኦሮምኛ የሚያወራው በሁለት ምክንያት ነበር፤ ወይ ከወለጋ ሲደወልለት፣ ወይ እናቴ እንዳትሰማ ሲፈልግ። እናቴ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ከኦሮምኛ የምታውቀው ሰላምታ ብቻ ነው። እኔም ከሷ አልሻልም። ኦቦ ሆርዶፋ የአባቴና የአጎቴ የካርቱም ወዳጅ እንደሆኑ፣ እሳቸውም ስቶክሆልም እንደሚኖሩ ግን አውቃለሁ።

አባቴ ከመኪናው ወርዶ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። የሚበላውን ሳምቡሳ በእጁ እንደያዘ ነበር። በመስኮት ሳየው እጁ ውስጥ ጨፈለቀው። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«አር ዩ ክራይንግ?» አልኩት።

«አለርጂ ነው» አለኝ።

ሰኔ ላይ ሚኒሶታ ውስጥ በአበባ ብናኝ የግማሹ ሰው ዓይን ቀይ ነው። አመንኩት።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የአባቴ ጓደኞች ወደ ቤታችን ሳይወጡ ፓርኪንግ ላይ ከመኪናው አጠገብ ቆመው ያወሩት ጀመር። እኔ በረንዳ ላይ ሆኜ እሰማለሁ። እነዚህ ደግሞ አማርኛ ነበር የሚያወሩት።

«ከቦርዱ በፊትማ አይሞከርም።»

«ባዶ ቤት አይሆንም። ሰው ሰብሰብ ማለት አለበት።»

«እዚያው ወስደህ ነው እንጂ! እዚህ ምን ዘመድ አላት?»

«ብቻ ጆሮዋ እንዳይገባ። ሴቶቹን አስጠንቅቁ።»

የክፍል ጓደኛዬ እናት አርባ ዓመት ሲሞላት ባሏ ሰዎች ጠርቶ፣ መብራት አጥፍቶ፣ ሁሉንም ከሶፋ ጀርባ ደብቋቸው ነበር። እኔም ከተደበቁት አንዷ ነበርኩ። ያኔም ሳምንት ሙሉ ሹክሹክታ ነበር፤ ያኔም «እንዳትሰማ» ነበር፤ ያኔም የሚሰበሰብ ሰው ነበር። ነገሩ እንደ ፀሐይ ግልጽ ሆነልኝ። ወዲያው በሚቀጥለው ቅዳሜ መኪና ውስጥ ከኋላ ሆኜ ጠየቅሁት።

«አባዬ፣ ኢዝ ኢት ኤ ሰርፕራይዝ? ፎር ማሚ?»

በመስታወቱ አየኝ። መብራቱ አረንጓዴ በርቶ ከኋላችን ያለው መኪና ክላክስ እስኪያደርግ ድረስ አልተንቀሳቀሰም።

«አዎ» አለ። «ሰርፕራይዝ ነው። እንዳትነግሪያት እሺ ኢቡ?» አለኝ በቁልምጫ ስሜ።

«ፕሮሚስ!»

ያን ቃል በአፉ ያጎረስኩት እኔ ነኝ። ሊተፋው ግን ይችል ነበር። «አይደለም ልጄ» ማለት ስንት ይፈጃል? ከሁለታችን ትልቁ ሰው እሱ ነበር። ይኸውና እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

እናቴ በሰኔ ማብቂያ ቦርዱን ተፈተነች። በዚያው ሳምንት አባቴ የሦስታችንን የስቶክሆልም አውሮፕላን ትኬት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት። «የልፋትሽ ነው» አላት። እናቴ እልልታዋን ለቀቀችው፤ የታችኛው ቤት ሰውዬ ጣራውን በመጥረጊያ ደበደበ። አባቴን አንገቱን አቅፋ ሳመችው፤ የሱ እጆች ግን የት እንደሚያርፉ ጠፍቷቸው አየር ላይ ተንጠለጠሉ። በማግሥቱ ለወንድሟ የሚኒሶታውን የፉትቦል ቡድን፣ የቫይኪንግስን፣ ወይን ጠጅ ማሊያ ገዛችለት። ሱቅ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ቫይኪንጎች የመጡት ከስዊድን አካባቢ ነው ብላ ነግራት ነበርና «የአገሩ ነው፣ ደስ ይለዋል» አለች። ከዚያም ልትደውልለት ስትል አባቴ ቀደማት። «ተይ እንጂ፣ ሳያስብ ዱብ እንበልበት።» እናቴ እንደ ልጅ አጨበጨበች። እኔ ደግሞ የአባቴን ብልጠት አደነቅኩ፤ እሷ ለሱ ሰርፕራይዝ የምታደርግ ይመስላታል፣ ለካ ሰርፕራይዙ ለሷ ነው።

አርላንዳ ኤርፖርት ረቡዕ ቀን ደረስን። የተቀበሉን ኦቦ ሆርዶፋ ብቻቸውን ነበሩ፤ ወፍራም፣ ፀጥ ያሉ፣ ሲራመዱ የሚተነፍሱ ሽማግሌ። እናቴን ሲያቅፏት ቶሎ አልለቀቋትም።

«በሉ እሺ» አለች እየሳቀች፣ በትከሻቸው በኩል አሻግራ እያየች። «አልነገሩትም አይደል? ቤቱ ነው? አሁኑኑ እንሂድ።»

ኦቦ ሆርዶፋ አባቴን አዩት። አባቴ ሻንጣ ያነሳ ጀመር።

«አክሊሉና ባየሽ እዚህ የሉም ልጄ» አሉ። ባየሽ የአጎቴ ሚስት ናት። «የአውቶቡስ ሥራው ነው፤ ለሰመር ወደ ሰሜን ላኩት። እሷም ተከትላው ሄደች። ቅዳሜ ጠዋት ይገባሉ።»

የእናቴ ፊት ወደቀ። ትንሽ ቆይታ ግን ራሷ አነሳችው። «እንግዲህ ምን ይደረግ። እስከዚያ አገሩን ልየውበታ!» አለች።

ማረፊያችን ኦቦ ሆርዶፋ ቤት ሆነ፣ ሪንከቢ የሚባል ሰፈር። ሐሙስ ጠዋት ወደ መሀል ከተማ በምድር ውስጥ ባቡር ስንሄድ እናቴ የጣቢያዎቹን ስም ግድግዳ ላይ እየተከታተለች ታነብብ ነበር።

«ቴንስታ!» አለች ጣቷን ቀስራ። «ወንድም ጋሼ ቴንስታ አይደል እንዴ? ከናንተ ቀጥሎ ያለችው ፌርማታ ናትኮ!»

«ናት» አሉ ኦቦ ሆርዶፋ።

«እስቲ ስንመለስ በሩን እንኳ ልየው።»

«የተዘጋ በር ምን ይታያል ልጄ? ቅዳሜ ተከፍቶ ታይዋለሽ።»

በሩ ግን አልተዘጋም ነበር። ባየሽ እዚያው ቤት፣ ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፋ፣ ከሚያስተዛዝኗት ሴቶች ጋር ተቀምጣ ነበር። እኛ የተኛነው ከዚያ አንድ ፌርማታ ርቀን ነው። አጎቴ ከሞተ ወር አልፎታል፤ አርባው ሊወጣ ሳምንት አልቀረውም። ያኔ ሌክ ስትሪት ላይ የተደወለው ይህንኑ ለመንገር ነበር። ታዲያ ሽማግሌዎቹ መክረው «ሰው ሁሉ ከሥራ ነፃ የሚሆነው ቅዳሜ ነው፤ መርዶው ቅዳሜ ማለዳ ይሁን» ብለው ነበር። ትኬቱ ደግሞ የተገኘው ለረቡዕ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ እስኪደርስ እናቴን ማስጎብኘት ነበረባቸው።

ጎበኘች። ከዋናው ጣቢያ ስንወርድ ዋሻው በሙሉ በሰማያዊ ቅጠልና ሐረግ ተሥሏል፤ እናቴ አንገቷን አቅንታ ስታይ ደረጃው ላይ ልትወድቅ ነበር። አሮጌው ከተማ ገባን። ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ፣ ቀይና ቢጫ ቤቶች፣ በየበሩ አይስክሬም። አንዲት ቀጭን ደረጃ መንገድ ነበረች፤ ቱሪስቱ ሁሉ እዚያ ይሰለፋል። እናቴ መሀሏ ገብታ በሁለት እጇ ሁለቱንም ግድግዳ ገፋች።

«በዚህ አገር ዳሌ ያላት ሴት የለችም እንዴ?» ብላ ጮኸች። ከኋላችን ያሉት ፈረንጆች ምን እንዳለች ሳይገባቸው ሳቁ። «ረጋሳ፣ አንሳኝ! ያለ እሱ አገሩን እንደጨረስኩበት ይይልኝ።»

አባቴ አነሳት። ካሜራውን ኪሱ ሊከት ሲል «ዋን ሞር አባዬ» አልኩት። ቤተ መንግሥቱ በር ላይ አነሳት፤ አደባባዩ ላይ ቀዩ ቤት ፊት አነሳት፤ አይስክሬሙ አፍንጫዋን ነክቷት አነሳት። በሁሉም ላይ ጥርሷ ይታያል።

ማምሻውን ሪንከቢ ስንገባ አደባባዩ ላይ አትክልት የምትገዛ አንዲት ሐበሻ ሴት ከኦቦ ሆርዶፋ ጋር ያለችው ማን እንደሆነች ገባት መሰለኝ፣ ፌስታሏን ጥላ መጥታ እናቴን አቀፈቻት። ሳመቻት፤ ደግማ ሳመቻት፤ ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኦቦ ሆርዶፋ «በቃ፣ በቃ» ብለው ጎተቷት። እናቴ በሳቅ ፈረሰች።

«ምን ሆነው ነው?»

«ናፍቆት ነው» አሉ ኦቦ ሆርዶፋ። «ሐበሻ ስታይ ሆዷ ይባባል።»

«ሰፈሩ በሙሉ ሐበሻ አይደል እንዴ?» አለች እናቴ። ከዚያ ወደ ሴትየዋ ዘወር ብላ «አይዞሽ እህቴ፣ ቅዳሜ ነይ፤ ወንድሜ ይመጣል፣ እንጫወታለን» አለቻት። ሴትየዋ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሄደች። እኔ በልቤ ሰደብኳት። ይቺ ሴት አፏን መዝጋት አቅቷት ሰርፕራይዙን ልታበላሽ ነበር ብዬ።

ዓርብ የሄድነው ከባሕር የወጣች ትልቅ አሮጌ መርከብ ወደምትታይበት ሙዚየም ነው። ቫሳ ይሏታል። ጨለማ አዳራሽ ውስጥ እንደ ተራራ ቆማለች፤ የእርጥብ እንጨትና የሬንጅ ሽታ አለው። አስጎብኚዋ በእንግሊዝኛ ታስረዳለች፣ አባቴ ለእናቴ ያግዛታል። መርከቧ ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የተሠራች ናት፤ ከወደብ ተነሥታ ብዙም ሳትርቅ፣ ሕዝብ ቆሞ እያያት ነው የሰመጠችው። ከላይ ከብዳለች፣ ከታች ቀላለች። ሳትነሣ በፊት መርከበኞች ከዳር ዳር አሩጠው ሞክረዋት ነበር፤ ልትገለበጥ ስትል አዛዡ «ይብቃ» ብሎ አስቆማቸው። ንጉሡ ጦር ሜዳ ሆኖ ቶሎ እንድትነሣ ይጽፍ ነበር። ማንም አልነገረውም።

እናቴ አስጎብኚዋን እጇን አውጥታ አስቆመቻት። በእንግሊዝኛዋ «ኤቭሪባዲ ኖው? ኖባዲ ቴል ሂም?» አለቻት።

«ኖባዲ» አለች ልጅቷ።

እናቴ ወደኛ ዞረች። እውነቷን ተቆጥታ ነበር። «ይሄ ሁሉ ሰው እያወቀ? አንድ ሰው ይጥፋ የሚነግረው?»

«ንጉሥ ይፈራል እኮ ልጄ» አሉ ኦቦ ሆርዶፋ፣ ወለሉን እያዩ።

«ቢፈራስ ጋሼ! ለሱ አዝነው ነው እንዳይሉ፣ ኋላ መስማቱ አይቀር!»

አባቴ «ሲጋራ ላጭስ» ብሎ ወጣ። አባቴ ሲጋራ አያጨስም። እናቴ መርከቧ ላይ አፍጥጣ ስለነበር ልብ አላለችውም። እኔ ልብ ብዬዋለሁ፤ ነገር ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ለነገ ኬክ ሊያዝዝ ነው የወጣው ብዬ አሰብኩ።

ቅዳሜ ማለዳ አባቴ ቀሰቀሰን። እዚያ አገር በሐምሌ ሌሊቱም ስለማይጨልም ቤቱ በብርሃን ተሞልቶ ነበር። «ባቡራቸው በጠዋት ስለሚገባ ቤታቸው ሄደን እንጠብቃቸው» አለ። እናቴ ብርቱካናማ ቀሚሷን ለበሰች፤ ሊፕስቲክ ተቀባች፤ ሽቶ አንገቷ ላይ ረጭታ ለኔም ረጨችልኝ። እኔ ለልደት ብቻ የማደርገውን ባለ ጥልፍ ቢጫ ቀሚሴን አውጥቼ ለበስኩ። «ምን ነው እንዲህ ያሳመረሽ?» አለችኝ። ትከሻዬን ሰበቅሁ። ከንፈሬን ነክሼ ነው እንጂ አምልጦኝ ነበር።

በእግራችን ሄድን። አባቴ ጥቁር ሱሪና ጥቁር ሹራብ አድርጎ ነበር፤ ኦቦ ሆርዶፋም እንዲሁ። ሦስተኛ ፎቅ ስንደርስ ከአንድ በር ፊት ጫማ ተከምሯል። የወንድ ጫማ፣ የሴት ጫማ፣ እርስ በርሱ የተደራረበ።  ሁሉም ውስጥ ተደብቀዋል! ጫማቸውን ግን መደበቅ ረሱ ብዬ ስለነሱ ሞኝነት አፈርኩ።

እናቴም ጫማውን አየች። «እንዴ፣ ደርሰዋል እንዴ?» አለች። ማሊያው ያለበትን ከረጢት ደረቷ ላይ አቀፈችው። በዚህ ጊዜ አባቴ በቀኝ፣ ኦቦ ሆርዶፋ በግራ ክንዷን ያዟት። ንግሥት እንደሚያስገቡ መሰለኝ። ለካ እንዳትወድቅ ነው።

በሩ ተከፈተ። ሳሎኑ ሙሉ ሰው ቆሟል። ማንም አልጀመረም። ከጀመሩ አብሬ ልጮህ ነበር የተዘጋጀሁት። ቃሉ የተረሳቸው መሰለኝ። እናም እኔ በሙሉ ድምፄ፣ እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ ጮህኩ።

«ሰርፕራይዝ!»

እናቴ ዞራ አየችኝ። ቃሉን ታውቀዋለች፤ ያ የክፍል ጓደኛዬ ቤት ድግስ የተጠራን ጊዜ አብራኝ ነበረች። ፊቷ በራ።

«አንቺ! ታውቂ ነበር እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞራ እየሳቀች፣ በትከሻቸው መሀል እያሾለቀች መፈለግ ጀመረች። «የት ደብቃችሁት ነው? ወንድም ጋሼ! በል ና ውጣ፣ አይቼሃለሁ!»

 አንዲት አሮጊት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከመኝታ ቤቱ በር ባየሽ ብቅ አለች። እኔ በፎቶ የማውቃት ባየሽ ረጅም ፀጉር ነበራት፤ ይቺኛዋ ፀጉሯን እስከ ሥሩ ተቆርጣለች። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። እናቴ የተቆረጠውን ፀጉር አየች። ኦቦ ሆርዶፋ «ስንታየሁ ልጄ፣ እንግዲህ የእግዚአብሔር ሥራ...» ብለው ጀምረው ነበር፤ አልጨረሱትም።

ያን ጩኸት አልጽፈውም። አንዲት ሴት ወደ ማድ ቤት ጎትታኝ ብርቱካን ጭማቂ ቀዳችልኝ። ብርጭቆውን ይዤ፣ ቢጫ ቀሚሴን ለብሼ፣ አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው ብዬ ጠየቅኋት። ጭማቂውን ጨመረችልኝ።

እኩለ ቀን ላይ ጩኸቱ በረድ ሲል ሾልኬ ወደ ሳሎን ተመለስኩ። እናቴ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። ሊፕስቲኩ አገጯ ላይ ተዝረክርኳል። ድምፅዋ አልቆ ነበር።

«ታሞ ነበር?» አለች።

«ከጥር ጀምሮ» አለች ባየሽ።

«ይቆይ አሁን፣ ይቆይ» አሉ ሽማግሌዎቹ። እናቴ እጇን አንሥታ ዝም አሰኘቻቸው።

«ለምን አልጠራኝም? ወንድም ጋሼ ሳይጠራኝ አይሞትም።»

ባየሽ ወደ አባቴ ቀና ብላ አየች።  «ጠርቶሻል» አለች። «ግንቦት ላይ። ‹ረጋሳ፣ እህቴን አምጣልኝ፣ ቀኔ አጥሯል› ብሎታል። ስልኩን በጆሮው የያዝኩለት እኔ ነኝ።»

ሰው ሁሉ አባቴን አየ። አባቴ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር።

«ቦርዱ ደርሶ ነበር» አለ። «ያን ሁሉ ዓመት ለፍታ... ይሄ ይለፍና ወዲያው አመጣታለሁ አልኩት። እሱም እሺ አለኝ። ትጨርስ አለኝ። ለሷ ብዬ ነው።»

«እሱስ ሌላ ምን አለህ?» አለችው እናቴ።

«‹ትደርሳለች?› አለኝ።»

«ምን አልከው?»

«ትደርሳለች አልኩት።»

እናቴ አልጮኸችም። እኔ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ሁለት ቀን ሙሉ» አለችው፣ እንደሚያስተምር ሰው ቀስ ብላ፣ «ሰው እዚህ ለቅሶ ተቀምጦ እኔ በየአደባባዩ ጥርሴን ሳገጥጥ፣ አንተ ቆመህ ፎቶ ታነሳኝ ነበር።»

ባህሉን አልሳደብም። ትልቅ ሰው ሆኜ ጥቅሙን አይቻለሁ። መርዶ በስልክ የማይነገረው፣ ማለዳ ሰው ተሰብስቦ የሚነገረው፣ ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ ነው። ደግ ነገር ነው። አባቴ ግን ለሞት የተሠራውን ለሕመም አዋለው። የሞተን መደበቅና የሚሞትን መደበቅ አንድ መሰሉት። ወዳጆቹ እንኳ «የቆጡን አወርድ ሲል የብብቱን ጣለ» ይሉት ነበር፤ እኔ ግን የብብቱ የሱ አልነበረም እላለሁ። የእናቴ ነበር።

እናቴ ቦርዱን አልፋለች። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ከካሜራው ላይ ራሷ አጠፋቻቸው። ከአባቴ ጋር አራት ግድግዳ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ያህል ኖረች፤ ወጥ ትሠራለታለች፣ ልብሱን ታጥፋለታለች፣ አታናግረውም። እኔ ኮሌጅ ስገባ ሻንጣዋን ይዛ ዉድበሪ ወደሚባል ሌላ ከተማ ሄደች። ዛሬም እዚያ በአንድ ሆስፒታል ነርስ ናት። የበሽተኛ ቤተሰብ ጋ ቀድማ በመደወል የታወቀች ናት። ሐኪሞቹ «ትንሽ እንጠብቅ» ሲሉ እሷ ስልኳን አንሥታ «ዛሬ ኑ፤ ነገ አትበሉ» ትላለች። አንድ ጊዜ ለዚህ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል። አልተወችም።

ባለፈው ጥቅምት አባቴ ታመመ። ጉበቱ ነው። ሐኪሙ የነገረን እሱም እኔም ባለንበት ስለሆነ የሚደበቅ ነገር የለም፤ ገናን ካለፈ ብዙ ነው። ቡርንስቪል ያው አሮጌ አፓርትመንት ውስጥ ብቻውን ነው የሚኖረው። ሾርባ ሠርቼለት ሳበላው ማንኪያውን በእጁ መለሰልኝ።

«ለእናትሽ አትንገሪያት» አለኝ። «ሥራ ላይ ናት። ለምን ትረበሻለች።»

ደሜ ፈላ። ሳህኑን አስቀምጬ እፊቱ ስልኬን አወጣሁ። ያን ቤት ያበላሸው ዝምታ በኔ በኩል እንዲያልፍ አልፈቅድም ብዬ ነው። ደወልኩላት። ወዲያው አነሳች።

«እማዬ፣ አባዬ ታሟል። ጉበቱ ነው። ሐኪሙ ገናን አያልፍም ብሏል። ቤቱ ነኝ አሁን፤ አጠገቤ ነው።»

 ከኋላዋ የሆስፒታሉ ድምፅ ይሰማል፤ የሆነ ማሽን ይጮኻል፣ የሆነ ሰው ይስቃል።

«ሰማሽኝ?»

«ሰምቻለሁ» አለች። «ሲሞት ንገሪኝ።»

ስልኩን ዘጋችው። እኔ ጆሮዬ ላይ እንደለጠፍኩ ለተዘጋው ስልክ «እሺ፣ እሺ እማዬ» አልኩ። አባቴ ከትራሱ ቀና ለማለት እየታገለ ዓይን ዓይኔን ያያል። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል።

«ምን አለች?»

«እግዜር ይማርህ ብላለች» አልኩት።

ራሱን መለሰና ተኛ። ፊቱ ትንሽ ዘና ሲል አየሁ። ማንኪያውን አነሣሁ።

«ትመጣለች?» አለኝ።

«ኦፍ ስታገኝ ትመጣለች» አልኩት።